ሁለት ዛፍ ወይስ አንድ?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ዛፎቹን የቆጠረው ማን ነው የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ተረቱን ሳያውቁት በተግባር የሚተርቱት ብዙ መምህራን፣ ብዙ ወላጆችና ብዙ የትምህርት አማካሪዎች አሉ። የሚተርቱትም በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ነው፤ የእንግሊዝኛን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በአንድነት በሚያስተምረው የኤ ሌቭል ትምህርት ላይ። ቋንቋም አይደለም፣ ሥነ ጽሑፍም አይደለም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው ይሉታል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ዛፉ አንድ ነው። ሥሩን ቋንቋ፣ ፍሬውን ሥነ ጽሑፍ ብለው በግንዱ መካከል አጥር ያጠሩበት ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝ አገር ተማሪ 16 ዓመት ሲሆነው ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. የተባለውን ፈተና ይፈተናል። በዚያ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቋንቋና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሲክስዝ ፎርም ወደሚባለው፣ እኛ መሰናዶ እንል ከነበረው ጋር ወደሚቀራረበው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚገባው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርቶችን ብቻ ይመርጣል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረውን የኤ ሌቭል ፈተና ይወስዳል። እንግሊዝኛ ለሚወድ ልጅ ታዲያ ሦስት በሮች አሉ፦ ሥነ ጽሑፍ ለብቻው፣ ቋንቋ ለብቻው፣ ወይም ሁለቱ በአንድነት። ሦስተኛውን በር ከሌሎቹ ከአንዱ ጋር ደርቦ መግባት ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም። ስለዚህ ምርጫው የዋዛ አይደለም፤ የልጁ የሁለት ዓመት ትምህርት አንድ ሦስተኛ ነው።

ሥነ ጽሑፉ ለብቻው ሲሰጥ ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም ይነበባል። ቋንቋው ለብቻው ሲሰጥ ሕፃን እንዴት አፉን እንደሚፈታ፣ ቋንቋ ከዘመን ዘመንና ከአገር አገር እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ሥልጣን በንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚገለጥ ይጠናል። ጣምራው ትምህርት ግን የሰዋስውን፣ የድምፅንና የቃላትን ዕውቀት ይዞ ወደ ልብ ወለዱ፣ ወደ ተውኔቱና ወደ ግጥሙ ይገባል። በዚያ አያበቃም፤ ደብዳቤውን፣ የጉዞ ማስታወሻውን፣ ተቀርጾ በወረቀት ላይ የሰፈረውን የአፍ ንግግር ሳይቀር በዚያው መሣሪያ ይመረምራል።

በወረቀት ላይ ሦስቱ እኩል ናቸው። በአፍ ግን እኩል አይደሉም። የምኖረው ለንደን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የወገኖቻችን ልጆች ተሰብስበው የሚያጠኑበት ቦታ አለ፤ እኔም አልፎ አልፎ ብቅ እላለሁ። አንድ ቀን አንድ አባት ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝና «ልጄ፣ ልጅቷ ሙሉውን ትታ ግማሹን ልትማር ነው መሰለኝ። ግማሽ ትምህርት ምን ያደርግላታል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ግማሽ ነው ያለዎት ማን ነው?»

«ትምህርት ቤቷ ነዋ። ጠንካሮቹ ሥነ ጽሑፉን ነው የሚወስዱት፣ ይሄኛው ለማይችሉት ነው አሉኝ።»

ከእኚህ አባት ጋር ጠብ የለኝም። ሌት ተቀን ሠርተው ልጃቸውን ያስተማሩ ሰው፣ ለልጃቸው ጎደሎ ነገር እንዳይሰጥ ቢሰጉ ተገቢ ነው። ጠቤ «ለማይችሉት ነው» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ደንብ ይልቅ በብዙ ልጆች ዕጣ ላይ ይፈርዳል።

*

አጥሩ ከየት መጣ? የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ስሙንም «የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» አለው፤ የዲግሪው ስም ዛሬም ይኸው ነው። ስሙ ጋብቻ ቢሆንም ቤቱ ግን ፍቺ ነበር። በአንድ ወገን የጥንቱን እንግሊዝኛና የቃላትን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት፣ በሌላው ወገን ገጣሚውንና ባለ ተውኔቱን የሚያነቡ ሐያስያን ተሰለፉ። በአዳራሹ ቋንቋ አንዱ «ላንግ» ሌላው «ሊት» ይባል ነበር። ዓለም በተረቶቹ የሚያውቀው ቶልኪን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ትምህርቱ መሻሻል ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሰናበትም ይህንኑ ክፍፍል እያማረረ ወጣ። ያን ሁሉ ዓለም ከቃላት ሥር ቆፍሮ ያወጣው ደራሲ ክፍፍሉን መጥላቱ አይደንቅም። ለእሱ ቋንቋው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ተረቱ የበቀለበት መሬት ነበር።

አጥሩን ለማፍረስ የሞከረ እሱ ብቻ አይደለም። ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ኢንዲያና በተደረገ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ ለግጥም ጆሮ የሌለው የሥነ ልሳን ሰውና ለቋንቋ ጥናት ደንታ የሌለው የሥነ ጽሑፍ ሰው ሁለቱም ዘመን ያለፈባቸው ናቸው የሚል ፍርድ ሰጠ። ንግግሩ እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ። በዚያው ዐሥርት ዓመታት መገባደጃ በእንግሊዝ አገር ሮጀር ፋውለር የተባለው የሥነ ልሳን ሰውና ኤፍ. ደብልዩ. ቤትሰን የተባለው ሐያሲ በመጽሔት ላይ ክፉኛ ተሟገቱ። ቤትሰን የቋንቋ ሳይንስ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሂስ መግባቱን አልወደደውም፤ ፋውለር ደግሞ ያለ ቋንቋ ዕውቀት ሂስ ምን መቆሚያ አለው አለ። ዛሬ በሲክስዝ ፎርም ኮሪደር የሚሰማው ሐሜት የዚያ ሙግት ርዝራዥ ነው። ልጆቻችን በማያውቁት ጦርነት ቆስለዋል።

*

እንግዲህ ክርክሩን በመጽሐፍ እንፈትነው። ማርጋሬት አትውድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» የተባለው ልብ ወለድ ለጣምራው ትምህርት ከተመደቡት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ሲነበብ ቆይቷል። ተራኪዋ ኦፍሬድ ትባላለች። ይህ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የተሰጠችለት ሹም ፍሬድ ይባላል፤ «ኦፍ» የምትለዋ ቅንጣት ደግሞ በአማርኛ «የ» የምንላት ናት። የፍሬድ ማለት ነው። ሴቲቱ ያላት ስም ሳይሆን አገናዛቢ ነው። ኦፍግሌን የተባለችው ባልንጀራዋ ስትጠፋ በእግሯ የተተካችውም ሴት ኦፍግሌን ተብላ ትመጣለች፤ ባለቤትየው እስካልተለወጠ ድረስ ንብረቱ ቢለወጥ ስሙ አይለወጥምና።

አሁን ሦስት ተማሪዎችን አስቡ። አንዱ «ሴቶቹ ተጨቁነዋል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ይህን መጽሐፉን ያላነበበውም ሊለው ይችላል። ሁለተኛው «ኦፍ መስተዋድድ ነው» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው፣ ግን መስተዋድድ መሆኑ ማንንም አያስለቅስም። ሦስተኛው ግን አንድ አምባገነን ሥርዓት በሁለት ፊደል ውስጥ ተጠቅልሎ እንዴት እንደተቀመጠ ያሳየናል። እኔ ሥነ ጽሑፍን ማንበብ የምለው ይህን ሦስተኛውን ነው። ጎበዝ የሥነ ጽሑፍ መምህር ይህን አያይም ወይ የሚለኝ ይኖራል። በእርግጥ ያያል፤ ባየ ጊዜ ግን ስሙን ሳይጠራ ጣምራውን ትምህርት እያስተማረ ነው። እንግዲያስ በስሙ ሲጠራ ለምን ይናቃል?

ወደ ሼክስፒር እንለፍ። በእሱ ዘመን እንግሊዝኛ እንደ አማርኛችን ሁለት ዓይነት መጥሪያ ነበረው፦ «ዩ» ለአክብሮትና ለርቀት፣ «ዛው» ለቅርበት፣ ለበታች፣ አንዳንዴም ለቁጣና ለንቀት። በተውኔቶቹ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ፍቅር ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ጌታና ሎሌ ቦታ ይለዋወጣሉ። የዛሬው የእንግሊዝ ልጅ ይህ ለውጥ በጆሮው ሽው ብሎ ያልፈዋል፤ ቋንቋው ልዩነቱን ጥሎታልና። አንድ ሰው ትናንት «እርስዎ» ያለውን ዛሬ «አንተ» ሲለው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚፈነዳ የሚያውቅ ያበሻ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ከተነገረው አይስተውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ይህ ምርጫ በየገጹ ይጠብቀው እንደነበር ልብ በሉ። አማርኛ ያለ «አንተ»፣ ያለ «አንቺ»፣ ያለ «እርስዎ» አንድ ንግግር እንኳ አያስነግርም።

ይኸው «ኦቴሎ» ሌላም ትምህርት አለው። ኦቴሎ በግጥም የሚናገር፣ ቃሉ እንደ ሰልፍ የተስተካከለ የጦር አለቃ ነው። በአራተኛው ገቢር መጀመሪያ የኢያጎ መርዝ ልቡ ሲደርስ ግን ግጥሙ ይፈርሳል፤ ንግግሩ ወደ ተቆራረጠ ስድ ንባብ ይወርዳል፤ ወዲያው ራሱን ስቶ መሬት ላይ ይዘረራል። ሰውየው ከመውደቁ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ወድቋል። ይህን ለማየት ስንኝ ምን እንደሆነ፣ ሐረግ ከሐረግ በምን እንደሚያያዝ ማወቅ ያስፈልጋል። «ቅናት መጥፎ ነው» ብሎ ለመጻፍ ግን ምንም ማወቅ አያስፈልግም።

*

ይህን ስል ከእንግሊዞች የተበደርሁት አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት እጋብዘዋለሁ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ ከእነሱ በተወለዱት ጉባኤያት የግዕዝ ሰዋስውና ቅኔ በአንድ መምህር እግር ሥር ይቀሰማሉ። ተማሪው ግሱን ያጠናል፤ የመምህሩን ቅኔ ሲዘረዘር ይሰማል፤ ከዚያ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የሚጀምረውም ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው። በሰሙ ውስጥ ያለውን ወርቅ የሚያወጣው ግሱን ያወቀ ነው፤ አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ሲፈታ ወርቁ የሚታየው ለሰዋስው ተማሪ ነውና። ሰዋስው ያላወቀ ቅኔ ተቀባይ የለም፤ ቅኔ ያልቆጠረ የሰዋስው መምህርም ሊቅ አይባልም። ሰዋስው የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላሉን ከጣሪያው ለይቶ ለብቻው ማቆም ምን ይረባል? ጣሪያውንስ ያለ መሰላል ማን ይደርስበታል?

ከቅኔ ቤቱ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እወስዳለሁ፤ እሱም መሥራት ነው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ አድንቆ መውጣት ምረቃ አይደለም። ጣምራው የኤ ሌቭል ትምህርት ይህን ያውቃል። ኤ.ኪው.ኤ. የተባለው የፈተና ድርጅት በሚያዘጋጀው መርሐ ትምህርት ተማሪው ለምሳሌ ከ«ዘ ግሬት ጋትስቢ» አንድ ትዕይንት ወስዶ ተራኪው ኒክ ሳይሆን ሌላ ሰው ባየበት ዓይን እንደገና ይጽፈዋል፤ ቀጥሎ ለምን ይህን ቃል መረጥሁ፣ ለምን ይህን ዓረፍተ ነገር አሳጠርሁ ብሎ በራሱ ሥራ ላይ ሐተታ ያቀርባል። አምስት ከሆኑት የጣምራው ትምህርት መመዘኛዎች አንዱ የተማሪውን የራሱን የመጻፍ ችሎታና ፈጠራ ይመለከታል። ሥነ ጽሑፉ ለብቻው ሲሰጥ ግን አብዛኛው ምዘና ሌላ ሰው ስለጻፈው መጻፍ ነው። ታዲያ የትኛው ነው ለማይችሉት?

*

ተቃዋሚዎቼ ከዚህ የጠነከረ ክርክር አላቸው፤ ሳልሸሸው ላንሣው። ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ መሰጠት በጀመረው የተሻሻለ መርሐ ትምህርት መሠረት ሥነ ጽሑፍን ለብቻው የሚወስድ ተማሪ ቢያንስ 8 ሥራዎችን ያነባል፤ ከነዚህ 3ቱ ከ1900 በፊት የተጻፉ መሆን አለባቸው፣ አንዱም የሼክስፒር ነው። የጣምራው ዝቅተኛ ቁጥር 6 ነው፤ ሁሉም የፈጠራ ሥራዎች አይደሉም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ጥንታዊውን የሚያፈቅር ተማሪ ሥነ ጽሑፉን ለብቻው ቢመርጥ አልቃወምም፤ ጣምራውን የመረጠውም ከትምህርት ቤት ውጭ ቤተ መጻሕፍት መግባት አለበት። ነገር ግን ቁጥሩ የሚለካው የተከፈቱትን መጻሕፍት እንጂ የተነበቡትን አይደለም። ስምንት መጽሐፍ በጥድፊያ ያለፈና ስድስቱን እስከ ሥራቸው የቆፈረ ተማሪ ቢወዳደሩ፣ ዘጠነኛውንና ሰባተኛውን መጽሐፍ ያለ መምህር ማንበብ የሚችለው ማን ነው? መለኪያው ይህ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ክስ ጣምራው ትምህርት ተራ ነገር ያስጠናል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦ.ሲ.አር. የተባለው የፈተና ድርጅት ከእንግሊሽ ኤንድ ሚዲያ ሴንተር ጋር አዲስ ጣምራ ትምህርት ሲያስተዋውቅ ጋዜጦቹ ጮኹ። ምክንያቱም የኮሜዲያኑ ራስል ብራንድ ለፓርላማ ኮሚቴ የሰጠው ቃል፣ የራፐሩ ዲዚ ራስካል የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅና የጋዜጠኛዋ ኬትሊን ሞራን የትዊተር መልእክቶች በንባቡ መካተታቸው ነው። በዚያው ትምህርት ውስጥ የብሌክና የኤሚሊ ዲኪንሰን ግጥሞችም ነበሩ፤ ጩኸቱ ግን ስለ እነሱ አልነበረም። ለመሆኑ የሰው ንግግር ሲጠና የሚደነግጠው የትኛው የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ነው? እኛ የአልቃሿን ሙሾ፣ የፎካሪውን ፉከራ፣ በየደጃፉ በማለዳ የሚያዜሙትን የላሊበሎችን ግጥም ተሰብስቦ ሲጠና ስናይ እንኮራለን እንጂ አናፍርም። አንድ ራፐር በቴሌቪዥን ከአንጋፋ ጋዜጠኛ ጋር ሲነጋገር ማን ማንን እንደሚያቋርጥ፣ ማን በማን ቋንቋ ለመናገር እንደሚገደድ መመርመር ተውኔት ማንበብ ነው። የተውኔት ደራሲስ ምልልሱን ከየት ያመጣዋል? ከሰው አፍ አይደለምን?

ሦስተኛው ክስ ዩኒቨርሲቲዎች አይቀበሉትም የሚል ነው። ይህ ፍርሃት መነሻ አለው። ረስል ግሩፕ የተባለው የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ብዙ በር ይከፍታሉ ያላቸውን ትምህርቶች ሲዘረዝር የጠቀሰው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን ነበር። ዝርዝሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ቀርቷል። ከመመሪያው ቢሰረዝም ከሰው አእምሮ አልተሰረዘም። ኦክስፎርድ ራሱ ለእንግሊዝኛ ዲግሪው ሥነ ጽሑፍን ለብቻው የተማረውንም ጣምራውን የተማረውንም አመልካች ይቀበላል። የሌሎቹን መስፈርት እያንዳንዱ ተማሪ ከየዩኒቨርሲቲው ይፋ ጽሑፍ አንብቦ ያረጋግጥ፤ ከኮሪደር ሐሜት ግን አይቅዳ።

*

ለጣምራው ስከራከር ጣምራው የሚሰጥበትን መንገድ ሁሉ እያወደስሁ አይደለም። ከወዳጆቹም ጋር ጠብ አለኝ። በብዙ ክፍል ውስጥ የቋንቋ ዕውቀት ወደ ስም መለጠፍ ወርዷል። ልጁ በግጥሙ ላይ ቀለም እያቀባ «ይህ ቅጽል ነው፣ ይህ ትእዛዛዊ ግስ ነው፣ ይህ ተደራጊ ነው» ይላል፤ ነጥቡን ይሰበስባል፤ ግጥሙ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ይህ የገበያ ዝርዝር እንጂ ንባብ አይደለም። «ብርጭቆው ተሰበረ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ ተደራጊ መሆኑን ማወቅ መጀመሪያ ነው፤ የሰበረው ማን እንደሆነ፣ ተናጋሪው ለምን እንደደበቀው፣ ዝም ያለውስ ማንን ፈርቶ እንደሆነ መጠየቅ ግን ትምህርቱ ነው። «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ የማይጠይቅ የጣምራ መምህር ለአጥረኞቹ ምስማር እያቀበለ ነው።

የዚህ ሁሉ ጉዳት ደግሞ ከማንም በላይ የሚደርሰው በሁለት ቋንቋ መካከል በሚያድጉት ልጆች ላይ ነው። እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ የምትሄድ የ14 ዓመት ልጅ አስቡ። ሐኪሙ ሕመሙን ላለማስፈራራት ያለዘበውን ቃል እሷ ሳትዋሽም ሳታስደነግጥም ወደ አማርኛ መመለስ አለባት። እሱ በአንዱ «ዩ» የሸፈነውን እሷ ለእናቷ ሲሆን «አንቺ»፣ ለአያቷ ሲሆን «እርስዎ» ብላ መተርጎም አለባት። እናቷ በምሳሌ የተናገረችውን ጭንቀት ሐኪሙ በሚመዘግበው ቃል ማቅረብ አለባት። ይህች ልጅ የቃል ክብደት በምን እንደሚለካ ከብዙ የዕድሜ እኩዮቿ በፊት ተምራለች። ይህን የጆሮ ዕውቀት ስም ሰጥቶ፣ ሥርዓት አስይዞ፣ ወደ ሼክስፒርና ወደ አትውድ የሚያሻግርላት አንድ ትምህርት ቢኖር ይኸው ጣምራው ነው። እሱን «ለማይችሉት» ብሎ ሲነግሯት፣ ያላትን ሀብት ጉድለት ብለው ሰየሙባት ማለት ነው። በራሷ ፈቃድ ሌላውን ብትመርጥ ይሁን፤ በሐሜት ተገፍታ ብትመርጥ ግን ግፍ ነው።

አጥረኞቹ ከዚህም የባሰ ያላዩት ነገር አለ። ቤቱ ራሱ እየጠበበ ነው። ካለፈው ዐሥርት ዓመት አጋማሽ ወዲህ በእንግሊዝ አገር እንግሊዝኛን በኤ ሌቭል የሚመርጡ ተማሪዎች ቁጥር ቀንሷል። ሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪውን እንደሚያቋርጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አስታወቀ፤ በቻውሰር መንፈሳዊ ተጓዦች መዳረሻ በካንተርበሪ ከተማ ያለው ካንተርበሪ ክራይስት ቸርች ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንኑ ውሳኔ ተናገረ። ጣሪያው እያፈሰሰ ሳሎኑ የማን ነው ብሎ መጣላት ምን የሚሉት ብልኃት ነው? ወደ እንግሊዝኛ በሚወስደው በር ሁሉ የሚገባ ልጅ ዛሬ እልል ሊባልለት እንጂ ደረጃ ሊወጣለት አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ሦስቱን በሮች በደረጃ ሳይሆን በይዘት ይግለጹ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስነብብና ምን እንደሚያሠራ ለልጁም ለወላጁም በግልጽ ይናገሩ። የጣምራው መምህራን የሰዋስውን ስሞች ካስጠኑ በኋላ ልጆቹን ወደ መጽሐፉ ይመልሱ። የሥነ ጽሑፉ መምህራንም ሰዋስውን እንደ እንግዳ ደራሽ አይዩት። ወላጆች ደግሞ «ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?» ብለው ሌላ ሰው ከሚጠይቁ የልጃቸውን መጽሐፍ ገለጥ አድርገው ከልጃቸው ጋር ይቀመጡ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራቸው እንኳ ልጅቷ «ኦፍ» ማለት «የ» ማለት እንደሆነ ትነግራቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እነሱ ራሳቸው ያብራሩላታል። የእገሌ ተብሎ መጠራት ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።